ምንቃሩ ሮዝ ቢሆን

ባሕር በአካል አይቼ አላውቅም። ይህን ስናገር የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ እንጀራዬ ባሕር ማየት ነበራ። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ ባለችው ፎቅ፣ መጋረጃዋ በተዘጋ ክፍል ተቀምጬ ከአላስካ በዲስክ የሚመጣ ባሕር ቀኑን ሙሉ አያለሁ። ከታች ጎማ ሲፈቱ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ከማያ ገጹ ሳልነቅል ማዕበሉ ነው እላለሁ።

ሥራውን ላስረዳ፤ ሰው ሁሉ ፊልም የምናይ ይመስለዋል። ዓሣ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ላይ ካሜራ ተሰቅሏል። ጀልባዋ ብዙ ሺህ መንጠቆ የታሰረበት ረጅም ገመድ ባሕር ውስጥ ትለቅና በኋላ መልሳ ትጎትተዋለች። እኛ የምናየው ከዓሣው ጋር አብሮ የሚወጣውን ነው። መንጠቆው ከባሕሩ ወለል ኮራል ነቅሎ ያመጣል? መንጠቆው ላይ ያለውን ምግብ ልንጠቅ ብሎ የሰመጠ ወፍ አለ? ወፉስ ተራው ነው ወይስ በሕግ የሚጠበቀው? አንዳንዶቹ ጀልባዎች ወፉን እንዲያባርርላቸው ባለቀለም ጥብጣብ ከኋላቸው ያውለበልባሉ፤ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ይጥላሉ። የትኛው አጠማመድ ይጎዳል፣ የትኛው ይሻላል የሚለው ፍርድ ከእኛ ዓይን ይወጣል። እያንዳንዱን ዲስክ ሁለት ሰው ለየብቻው ያየዋል፤ አንዱ ካንዱ እንዳይኮርጅ ጀርባ ለጀርባ ነው የምንቀመጠው።

አለቃችን ረጋ ያለ አሜሪካዊ ነው። ቢሮውን ባሕር በሌለበት አገር ለምን እንደከፈተ ሲጠየቅ፣ "ከባሕር የራቀ ሰው ለማንም አያዳላም" ይላል። ኮሎራዶ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ዘመድ ያለው ሰው አይገኝም ማለቱ ነው። ወይ አለመተዋወቅ! የእኔን ወንድም አላሰበውም።

ወንድሜ አስቻለው ታናሼ ነው። አውሮራ አልስማማው ብሎ፣ የሥራ ባልደረቦቹን ተከትሎ አላስካ ወርዶ ጀልባ ላይ ተቀጠረ። እኔም ከኮሜርስ ሲቲው መጋዘን ለቅቄ እዚህ የተቀጠርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ያለበትን ውኃ ለማየት ብዬ ነው። ብዙ ወር ግን እሱ ያለበት ጀልባ አልደረሰኝም። የማላውቃቸው ሰዎች የማላውቀውን ዓሣ ሲጎትቱ እያየሁ፣ ወደ ቤቴ በሃቫና ስትሪት ስነዳ አስፋልቱ ከፍ ዝቅ ይልብኝ ጀመር። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ከኋላዬ ክላክስ እስኪደረግብኝ ድረስ ተራሮቹን እያየሁ እቀራለሁ። ከተማው ሁሉ ከውኃ በታች ያለ፣ እኛም ቀስ ብለን የምንዋኝ ይመስለኝ ነበር። ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ አልዋሽም።

ከዚያ እማዬ ሞተች።

ሰው ሁሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም የሚልበት የነሐሴ ወር ነበር። ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ደምሰው ከፊት፣ ከኋላቸው ደረጃው ላይ የተደረደረ ሰው። አንድም ሰው ቃል ሳይናገር ገባኝ። ጮህኩ፤ ያዙኝ፤ ቤቱ ሞላ፤ ጎረቤቴ የሆነች አሜሪካዊት እሳት የተነሳ መስሏት ፖሊስ ጠራች። ለፖሊሱም ሻይ ሰጡት። እማዬ ደሴ፣ ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው። እናቴን ጌጥነሽን የመሰለች፣ ምላሷ የተሳለ፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ዝም ብላ በእንቅልፏ ሄደች መባሉን እስካሁን አላምንም።

በሦስተኛው ቀን የአስቻለው ነገር ተነሳ። ጀልባዋ ወደብ ብትገባ እንኳ ዓሣውን አራግፋ፣ ዲስኩን ፖስታ ቤት ጥላ፣ ወዲያው ነው የምትወጣው። እሱም ኮንትራቱ ሳያልቅ አይወርድም።

"እሁድ እሁድ ይደውላል" አልኳቸው አቶ ደምሰውን። "እኔው ልንገረው?"

"በስልክ?" ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሲቆጡ እንደዚያ ናቸው። "ባሕር መሐል ብቻውን ላለ ልጅ በስልክ መርዶ? ሠርካዲስ፣ አረመኔ ነን እንዴ? ማን ይይዘዋል? ማን ያለቅስለታል? ሲመጣ እኛ እንነግረዋለን። እስከዚያ ዝም ነው።"

ዝም ማለት ቀላል ይመስላል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩ ጮኸ። ያ የጀልባ ስልክ በሳተላይት ስለሚሄድ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

"እታለም፣ እማዬ ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልኩት። ምላሴ ይቆረጥ፣ ምንም አልተንቀጠቀጠም።

"ጉልበቷስ?"

"ተሽሏት ገበያ ትወጣለች።"

በሚቀጥለው እሁድም ጠየቀ፤ በሚቀጥለውም። እኔም አንዴ ከጀመርኩ በኋላ መቆም አቃተኝ። እማዬ ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣላች አልኩት። እማዬ ለሚሊኒየሙ ነጭ በግ ልትገዛ ነው አልኩት። "ታደርገዋለች" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ዘግይቶ ደረሰኝ። "ነጠላ ላክላት፤ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን" አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ሶፋ ላይ ተጋደምኩና የቱ እውነት እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ። በእኛ ስልክ ውስጥ እማዬ ወፍራለች፣ ጥርስ አስተክላለች፣ ሰው ትሳደባለች። ከሞተች በኋላ እንዲህ ያማረባት ሰው አይቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ የእሱ ጀልባ ዲስክ ደረሰኝ።

ካሜራው ከላይ ስለተሰቀለ ፊት አይታይም፤ ብርቱካናማ የዝናብ ልብስና ኮፍያ ብቻ ነው። ግን ቀኝ ትከሻውን ጣል አድርጎ መሄዱን እንዴት አልለየውም? የአባታችን አካሄድ ነው። አስቻለው ገመዱን እየጠበቀ ብርዱን ለማባረር ትከሻውን ይሰብቃል፤ ባልደረቦቹ ያጨበጭባሉ። ስቄ ሳልጨርስ በምስሉ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። እማዬ ያረፈችበት ቀን ነበር። ደሴ ያ ሁሉ ለቅሶ ሲሆን የእሷ ልጅ እዚህ በግራጫ ውኃ ላይ ይጨፍራል። ማያ ገጹን በመዳፌ ሸፈንኩት፤ እንዳይሰማ ይመስል።

ለአለቃችን ወንድሜ እዚያ እንዳለ ነገርኩት። አሰበ፣ አሰበና፣ "ሁለተኛዋ ተመልካች ቤዚ ናት፤ አንቺ ብታዳዪ እሷ ትይዝሻለች" ብሎ ተወኝ።

ቤዚ ልጅ ናት፤ ተወልዳ አዲስ አበባ፣ አድጋ እዚህ። ጴንጤ ናት፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙር በጆሮዋ ሰክታ ትገባለች። እኔን "ሠርኬ" ትለኛለች። ሳትጠራኝ የምትመጣ፣ ሳትጠይቀኝ የምትጸልይልኝ ልጅ ናት። የእማዬን ነገርም፣ የእሁዱን ውሸትም ታውቃለች፤ ውሸቱን አልወደደችውም።

ሁለተኛው ዲስክ ሲመጣ የእማዬ አርባ ተቃርቦ ነበር። ምስሉ ላይ ዕለቱ ዝናባማ ነው። የጀልባዋ ጥብጣብ በነፋስ ተጠላልፎ አንድ ላይ ተጠቅልሏል፤ ወፎቹ ያለ ከልካይ መንጠቆው ላይ ይወርዳሉ። ገመዱ ሲጎተት ዓሣ፣ ዓሣ፣ ባዶ መንጠቆ፣ ከዚያ ቀይ የኮራል ቅርንጫፍ እንደ ተሰበረ ዛፍ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ ጨለም ያለ ትልቅ ነገር መጣ። ወፍ ነው። ክንፉ ከጀልባዋ ጎን ተዘረጋና ሲወጣ ውኃው ከላዩ ረገፈ። አልባትሮስ፣ ትልቁ የባሕር ወፍ።

ፖዝ አደረግኩት። በሕግ የሚጠበቀው አልባትሮስ ገና ሙሉ ሳያድግ ልክ እንደ ተራው ወፍ ቡናማ ነው። የሚለየው ምንቃሩ ነው። የተራው ጥቁር ነው፤ የዚያኛው ሮዝ። እዚህ ምስል ላይ ደግሞ ዝናቡና ብርሃኑ ምንቃሩን አጥበውታል፤ ሮዝም ሊባል ይችላል፤ ጥቁርም።

ሮዝ ከሆነ ጀልባዋ ለምርመራ ወደ ወደብ ትጠራለች። ሠራተኞቹ ይበተናሉ። አስቻለው ይመጣል። አቶ ደምሰው ቤቱን ይሞላሉ፤ ወንድሜ በሰው መሐል፣ በሰው እጅ ላይ ሆኖ ይሰማል፤ የእናቱን አርባ ከእኔ ጋር ያወጣል። ይህ ሁሉ ያለው በአንዲት ምንቃር ላይ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሞተውን ወፍ ሮዝ ሁንልኝ ብዬ ለመንኩት።

ዞሬ ቤዚን ነካኋት። መነካካት ክልክል ነው።

"ቤዚዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።"

የጆሮ ማዳመጫዋን አወጣች። ነገርኳት። እሷም ያንኑ ወፍ አይታ ሳትወስን ቆይታለች። ስጨርስ ትክ ብላ አየችኝና፣ "ሠርኬ፣ ሶሪ፣ ልጸልይልሽ እችላለሁ፤ ልዋሽልሽ ግን አልችልም" አለችኝ።

"ውሸት አይደለም። ማን ያውቃል? ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ከቻለ ለምን ትለምኚኛለሽ?"

"አንቺ እናት አልሞተችብሽም!" ጮህኩባት። ምን ዓይነት ክፉ ሴት ነኝ! ልጅቱ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም።

"ይሄን ወፍ ሮዝ ብንል፣ ጥብጣብ ያለው ጀልባም የሚጠበቀውን ገደለ ይባላል" አለች ቀስ ብላ። "ጥብጣቡ አይረባም ብለው ቢተዉትስ? ከዚያ በእውነት ሮዞቹ ያልቃሉ። ለወንድምሽ ዋሸሽ፤ እሺ፣ ከፍቅር ነው። አሁን ደግሞ ለባሕሩም ልትዋሺ ነው?"

ተናደድኩ። የተናደድኩት ልክ ስለሆነች ነው። ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "ነይ፣ አብረን በደንብ እንየው፤ ሮዝ ከሆነ እኔም ሮዝ እላለሁ" አለችኝ።

ቀስ እያደረግን ምስል በምስል ለቀቅነው። ውኃው ጠብ እያለ በአየር ላይ ይቆማል። ወፉ እየዞረ፣ እየዞረ ይወጣል፤ ከታች የጎማ ቤቱ ድምፅ እንኳ ራቀብኝ። አንዱ ሠራተኛ መጣ። ቀኝ ትከሻው ጣል ብሏል። ወፉን ከመንጠቆው አላቀቀ፤ እንዳይጎዳው የፈራ ይመስል በሁለት እጁ ደግፎ። ደንቡ ወፍ ሲያዝ ለካሜራው እንዲያሳዩ ስለሚያዝ፣ ምንቃሩን በእጅጌው ጠረገና ሽቅብ አንጋጦ ወደ እኛ ያዘው።

ጥቁር ነው። ከሰል የመሰለ ጥቁር።

"ሶሪ፣ ሠርኬ" አለች ቤዚ።

እኔ ግን ምንቃሩን መመልከት ትቼ ነበር። ሲያንጋጥጥ የዝናብ ኮፍያው ወደ ኋላ ወደቀ። ጸጉሩ ተላጭቷል። ያ የሚንከባከበው ጎፈሬው የለም። ደረቱ ላይ፣ ብርቱካናማው ልብስ ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ቤዚ አጉሊው አለችኝ። አጎላሁት። እማዬ ናት። ሻሿን አስራ፣ ካሜራ ሲነሳባት እንደምትቆጣው ተቆጥታ፣ ከአላስካ ዝናብ ውስጥ ታየናለች።

ወንድሜ እያለቀሰ ነው። ወፉን እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ በሌለው ምስል ውስጥ ያለቅሳል። አንዱ ባልደረባው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ ገመዱ ተመለሰ። ሌላ ማንም አልነበረም።

ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። የአጥሩን ጠብ ከመንገሬ በፊት ነው። የበጉንም ወሬ። "ነጠላ ላክላት፤ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን" ያለኝ እማዬ እንደሌለች እያወቀ ነው።

"ለምን?" አለች ቤዚ። "ለምን ይጠይቅሻል ታዲያ?"

"ደህና ናት ስላልኩት" አልኳት። "ያልተነገረኝ መስሎታል። እኔ ከእሱ ስሸሽግ፣ እሱ ከእኔ ሲሸሽግ ከረምን!" ቤዚ አቀፈችኝና ሁለታችንም ወንበሩ ላይ ተላቀስን። አለቃችን በሩን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው። እንባዬን ጠርጌ ጻፍኩ፤ ተራው ወፍ፣ ምንቃሩ ጥቁር፣ ጥብጣቡ ተጠላልፎ ሳለ የተያዘ። ቤዚም ወደ ቦታዋ ተመልሳ የራሷን ጻፈች። ጀልባዋ ባሕር ላይ ቀረች።

በቀጥታ አቶ ደምሰው ቤት ነዳሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ።

"ብቻውን አለቀሰ በይኛ" አሉ።

"ብቻውን፣ አባባ። ወፍ ይዞ።"

"ዝም ብለሽ ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ።" ተነስተው ጋቢያቸውን ለበሱና ለእድርተኛው ሁሉ መደወል ጀመሩ።

እሁድ ቤቴ የሚቆምበት ጠፋ። መኪና ከፓርኪንጉ አልፎ ከመንገዱ ዳር እስከ ሣሩ ድረስ ተደርድሯል። ሶፋው፣ የምግብ ወንበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ታጣፊ ወንበር፣ ሁሉም ሞልቷል። ቤዚም ጥቁር ሻርፕ ተውሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አድርጌ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት። ሲጮህ ቁልፉን ተጫንኩ።

"እታለም፣ እማዬ ደህና ናት?"

የለመድኩት ውሸት ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። "ሞታለች፣ አስቹ" አልኩት። "ነሐሴ ላይ ነው። አውቃለሁ። አንተም እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ፎቶዋን ደረትህ ላይ አየሁት።"

ጸጥታው ሄዶ እስኪመለስ ጠበቅን። ከስልኩ ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

"ተመስገን" አለ። "ተመስገን፣ ተነግሮሻል። ወደብ ላይ አንድ የአገራችን ልጅ፣ ዓሣ ማሸጊያው ውስጥ የሚሠራ፣ ያወቅሁ መስሎት እግዚአብሔር ያጽናህ አለኝ። ከዚያ ስደውል አንቺ ገበያ ትወጣለች አልሽኝ። ምን ላድርግ እታለም? በስልክ ልንገርሽ? ማን አጠገብሽ አለ ብዬ?"

አቶ ደምሰው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"ልጄ አስቻለው፣ ደምሰው ነኝ። ሁላችንም እህትህ ቤት ነን። አሁን ወግ ባለው መንገድ እንንገርህ። መጀመሪያ ቁጭ በል።"

ጠበቅን።

"መቀመጫ የለም፣ አባባ። ስልኩ ግድግዳ ላይ ነው፤ ገመዱም አጭር ነው። ቆሜ ነው የማወራው።"

አቶ ደምሰው ቀና ብለው ሰዉን አዩ። "እንግዲያው እኛም እንነሳ" አሉ። ወንበሩ ሁሉ ተንሿሿ። ጉልበታቸው በኦፕራሲዮን የተቀየረው እማማ ስንዱ እንኳ ቤዚን ተደግፈው ተነሱ፤ ከኩሽና ያሉት ወጡ፤ ደረጃው ላይ የቀሩት ወደ በሩ ተጠጉ።

"አስቹ" አልኩት፣ "ሁሉም ሰው ቆሟል።"

ለቅሶውን እሱ ጀመረው፤ እኛም ተቀበልነው።